ባለብዙ ፍጥነት አውሮፓ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ፣ ዴንማርክና ስዊድን ዩሮ ስለማይጠቀሙ የአውሮፓ ኅብረት «ሁለተኛ ደረጃ አባላት» ናቸው ሲል ሰማሁ። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በዛ። «ባለብዙ ፍጥነት አውሮፓ» የሚባለው፣ ከኅብረቱ አባላት የተወሰኑት በአንዳንድ ጉዳይ አብረው ወደፊት ሲሄዱ ሌሎቹ የሚቀሩበት አካሄድ ነው።

አንድ እድር ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች እቁብ ጀመሩ እንበል። እቁቡ ውስጥ ያልገባው ሰው ከእድሩ አልወጣም። ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ይተከልለታል፤ በእድሩ ስብሰባም ድምፁ ያው ነው። በኅብረቱ ሕግ «የተጠናከረ ትብብር» የሚባለው እንዲህ ያለ እቁብ ነው። ቢያንስ 9 አገሮች ያስፈልጋሉ። ሁሉም አብረው መሄድ አለመቻላቸው አስቀድሞ መታየት አለበት። ስለ እቁቡ ሲመከር ያልገቡትም ተቀምጠው ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን የገቡት ብቻ ናቸው። ወጪውም፣ ከአስተዳደሩ በቀር፣ በመርህ ደረጃ የእነሱ ነው።

በሩ ደግሞ አይዘጋም። በዚሁ ትብብር የጋራው የፈጠራ መብት (በአንድ ምዝገባ በተሳታፊዎቹ አገሮች ሁሉ የሚሠራ ፓተንት) ሲመጣ ጣሊያንና ስፔን ተቆጡ። ለፓተንቱ ሥራ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ተመርጠው የእኛ ቋንቋ ለምን ቀረ አሉ። ፍርድ ቤት ሄደው እ.ኤ.አ. በ2013 ተረቱ። ጣሊያን በ2015 ሐሳቧን ቀይራ ገባች። ስፔን እስካሁን ውጭ ናት። በማድሪድ አባልነት ላይ ግን ቅንጣት የቀነሰ ነገር የለም።

ዴንማርክና ስዊድንም አንድ አይደሉም። ዴንማርክ ከዩሮ ውጭ የመሆን መብቷን በውል አስከብራለች። ስዊድን እንዲህ ያለ መብት የላትም፤ ስትገባ ዩሮን ለመቀበል ተስማምታ ነው። በ2003 ሕዝቧ እምቢ ስላለ፣ ከዩሮ በፊት መታለፍ ያለበትን የምንዛሪ ሥርዓት ሳትቀላቀል ትኖራለች። አንዷ ላለመሄድ ተፈቅዶላታል፣ ሌላዋ መሄድ እያለባት ቆማለች። «ፍጥነት» የሚለው ቃል በትክክል የሚገልጸው ሁለተኛዋን ብቻ ነው።

ሸንገን፣ ማለትም በአገሮቹ መካከል የድንበር ፍተሻ የቀረበት ቀጠና፣ ደግሞ በተለየ መንገድ ነው የመጣው። በ1985 አምስት አገሮች ከኅብረቱ ሕግ ውጭ ተፈራርመው ጀመሩት፤ ኋላ ነው የኅብረቱ ሕግ አካል የሆነው። ለዚህ ነው አባል ያልሆነችው ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ያለችው፣ ከ1973 ጀምሮ አባል የሆነችው አየርላንድ ደግሞ የሌለችው። የእኛ ሰው በሸንገን ቪዛ ዙሪክ ይገባል። ደብሊን ለመሄድ ግን የአየርላንድን ቪዛ ለብቻው ማውጣት አለበት።