ሳማ፦ ምግብነቱና ለጤና ያለው ጠቀሜታ

ሳማ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 3500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ በተለይም በአጥር ሥር፣ በፈረሰ ቤት ፍርስራሽና ፍግ በበዛበት የበረት ዙሪያ የሚበቅል፣ ሲነኩት የሚለበልብ የዱር ተክል ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ኡርቲካ ሲሜንሲስ የሚባለው ይህ የአገራችን ብርቅዬ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከስሜን ተራሮች ሲሆን፣ በአውሮፓና በእስያ ለምግብነት ለሚውለው ኡርቲካ ዲዮይካ የቅርብ ዘመድ ነው።

ቅጠሉንና ግንዱን የሸፈነው ጸጉር ጫፉ እንደ መስታወት ተሰባሪ በመሆኑ ቆዳ ሲነካው ይሰበርና ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን የመሳሰሉ አቃጣይ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። ሙቀት ግን ይህን ጸጉር ያሟሽሸዋል። በመሆኑም ለጋው ቅጠል እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ ይለቀምና ጸጉሩ እንዲረግፍ ድንጋይ ላይ ታሽቶ፣ ታጥቦ ይቀቀላል፤ ከዚያም በማማሰያ እየተመታ ሲልም ጥቂት የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ገብቶበት በእንጀራ ይበላል። በጾም ወራትና እህል ከጎተራ በሚያልቅበት ክረምት የሚዘወተር በመሆኑ የድሃ ምግብ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል፤ ንቀቱ ግን ከይዘቱ ጋር አይገናኝም።

ስለ ሳማ የሚነገሩ አኃዞች ብዙውን ጊዜ የሚያሳስቱት የደረቀው ቅጠልና የተቀቀለው ሳይለዩ ስለሚጠቀሱ ነው። ከደረቀው ቅጠል ክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው ቢባልም፣ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ በፈላ ውኃ ለተነከረ 100 ግራም የኡርቲካ ዲዮይካ ቅጠል የሚያሰፍረው 2.7 ግራም ፕሮቲንና 1.6 ሚሊግራም ብረት ብቻ ነው። «ደም ይተካል» የሚለው ዝናው በዚህ መጠን የሚደገፍ አይደለም፤ ያለውም ብረት ከዕፅዋት የሚገኝ በመሆኑ ሎሚ ሲጨመርበት በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል፣ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡና ደግሞ ይቀንሰዋል። የቅጠሉ እውነተኛ ሀብት ካልሲየም ነው። በዚያው ሠንጠረዥ 481 ሚሊግራም ተመዝግቦለታል፤ ይህም ተመሳሳይ ክብደት ካለው የላም ወተት አራት እጥፍ ገደማ በመሆኑ፣ ወተት ለማይቀርብበት የጾም ማዕድ ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው። በቫይታሚን ኤ መነሻ ቀለሞችም የበለጸገ ነው።

ከበሽታ ይከላከላል የሚባለውን በተመለከተ፣ ቅጠሉ ኦክሳይድ መሆን (ኦክሲዴሽን) በሰውነት ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚገቱ ፖሊፌኖል የተባሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አሉት፤ በባህላዊ ሕክምናም ለጨጓራ ሕመም ይታዘዛል። ከቅጠሉ የተዘጋጀ ንጥር በስኳር በሽታ በተያዙ የቤተ ሙከራ አይጦች ደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን መቀነሱ ተዘግቧል፤ ሆኖም በአይጥ የታየ ውጤት የታዘዘ መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ጥንቃቄ የሚሻው የቫይታሚን ኬ መጠኑ ነው። በዚያው የኡርቲካ ዲዮይካ ሠንጠረዥ በ100 ግራም ወደ 500 ማይክሮግራም የሚጠጋ ሲሆን፣ ለአንድ አዋቂ በቀን በቂ የሚባለው ከ90 እስከ 120 ማይክሮግራም ነው። ይህ ቫይታሚን ደምን የማርጋት ሥራ ስላለው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጾም ሲገባ ሳማ ማዘውተር ከጀመረ፣ ወይም ሲፈታ በድንገት ካቆመ፣ የመድኃኒቱ ልክ ሊዛባበት ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።