ሚዲያን ምንድን ነው?

ባለፈው ነሐሴ የጅማ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ በቀን ስንት ገጽ እንደማነብ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ይኸው፦ 12፣ 8፣ 14፣ 10፣ 13፣ 12፣ 120። የመጨረሻው እሁድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ፣ እኔም አንድ መጽሐፍ ጨረስኩ።

ደምሬ ለሰባት አካፈልኩት። አማካዩ በቀን 27 ገጽ! ደስ አለኝ። ደብተሩን መልሼ ሳየው ግን 27 ገጽ ያነበብኩበት ቀን አንድም የለም። ከእሁድ በቀር 15 እንኳን አልደረስኩም።

ሚዲያን የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን ነው። ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሯቸው፦ 8፣ 10፣ 12፣ 12፣ 13፣ 14፣ 120። መሃል ላይ የተቀመጠው፣ 12፣ ሚዲያን ይባላል። ብዛታቸው ተጋማሽ ከሆነ የመሃለኞቹን ሁለት ቁጥሮች አማካይ መውሰድ ነው። እሁድ 500 ገጽ ባነብ እንኳ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም።

ኢኮኖሚክስ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጋሮ አካባቢ አምስት ጎረቤታሞች ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ለገበያ አወጡ እንበል፦ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 82 ኩንታል። አማካዩ 20 ነው። «እዚያ ያለ ገበሬ 20 ኩንታል ይሸጣል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስሌቱን አልሳተም፤ አራቱን ቤት ግን አላያቸውም። ሚዲያኑ 5 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ምን ያህል ብድር ይችላል የሚለው በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ሊወሰን መቻሉ ነው። በእርግጥ ቡናውን ለመጫን ስንት መኪና ይበቃል ከተባለ አማካዩ ይሻላል፤ 20 በ5 ተባዝቶ 100 ኩንታል መሆኑን ይነግራችኋል።

የምወደው የሚዲያን ታሪክ ደግሞ የበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ አገር፣ ፕሊመዝ ላይ፣ አንድ በሬ ታርዶ ሥጋው ስንት እንደሚመዝን ሰዎች ገመቱ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን 787 ግምቶችን ወስዶ ደረደራቸው። መሃለኛው 1,207 ፓውንድ ሆነ። ሚዛኑ ያሳየው 1,198 ነበር። ልዩነቱ 4 ኪሎ ገደማ!

ወደ ደብተሬ ልመለስ። አማካይን አንድ ዝናባማ እሁድ ከፍ ያደርገዋል። ሚዲያኔ 15 እንዲደርስ ግን ከሰባቱ ቀን ቢያንስ በአራቱ 15 ገጽና ከዚያ በላይ ማንበብ አለብኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ያለውን ሰዓት ለመጽሐፍ ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሚዲያኔ 15 ገባ።