የስማርት ትሬይነር «ኮንትሮል» ምንድን ነው?

ብስክሌታችሁን ትሬይነሩ ላይ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ባሉበት ቆሞ ለመጋለብ በሚያስችለው ዕቃ ላይ፣ ሰቀላችሁ። አፑን ከፈታችሁ። አፑ ትሬይነሩን አገኘው፣ «ተገናኝቷል» አለ፣ ዋቱም (የምታወጡት ኃይል) መቆጠር ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ያለው ብስክሌተኛ ይጋልባል። ከዚያ ዳገት መጣ። ስክሪኑ 8 በመቶ ይላል፤ ፔዳሉ ላይ ግን ወፍ የለም። ልክ እንደ ሜዳው ቀላል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ብሉቱዙን አጥፍቶ ያበራል፣ ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካል፣ አፑን ያጠፋና እንደገና ይጭናል። ዕቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የጎደለው ኮንትሮል ነው።

ኮንትሮል ማለት አፑ ትሬይነሩን የማዘዝ ሥልጣን ነው። ስማርት የሚባል ትሬይነር ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መናገር ነው። ስንት ዋት እየገፋችሁ እንደሆነ፣ ፔዳሉን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምታዞሩ፣ በምን ፍጥነት እንደምትሄዱ ያለማቋረጥ ይልካል። ሌላው መታዘዝ ነው። አፑ «አሁን ዳገት ነው» ሲለው ውስጡ ያለውን የማግኔት ፍሬን ያጠብቃል፤ «ቁልቁለት ደረስን» ሲለው ይለቃል። ሁለቱ ሥራዎች የሚያልፉት በአንድ አየር ነው፣ ግን ለየብቻ ነው የሚገናኙት። አንዱ ሠርቶ ሌላው ላይሠራ ይችላል። ላይ ያየነው ችግርም ይኸው ነው። አፑ ትሬይነሩን ይሰማዋል፣ አያዘውም።

ዝዊፍት የሚባለውን የቤት ውስጥ ግልቢያ አፕ የሚጠቀም ሰው የማገናኛ ገጹን ያስታውስ። አንድ ሳጥን ብቻ አይደለም ያለው። ለዋት ለብቻው፣ ለካደንስ (ፔዳሉ በደቂቃ ለሚዞርበት ብዛት) ለብቻው፣ ለልብ ምት ለብቻው ሳጥን አለ። ከእነሱ ጎን በቆየው አጠራር «ኮንትሮላብል»፣ በአዲሱ «ሬዚስታንስ» የሚባል ሌላ ሳጥን አለ። የዋቱ ሳጥን ውስጥ የትሬይነራችሁ ስም ተጽፎ ይህኛው ባዶ ከሆነ፣ ዓለምን ብትዞሩ ዳገት አይሰማችሁም። አንድ ትሬይነር ሁለትና ሦስት ሳጥን ላይ ስሙ መታየቱ ስህተት አይደለም። እንዲያውም እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

በአየር ላይ የሚተላለፈው ትእዛዝ ራሱ ምን ይመስላል? ይህ ክፍል ለእኔ የነገሩ ሁሉ ጣፋጩ ነው። አፑ ለትሬይነሩ የተራራ ፎቶ አይልክም፤ የሚልከው ቁጥር ነው። ኤፍቲኤምኤስ በሚባለው የብሉቱዝ ደንብ መሠረት አንድ መንገድ በ4 ቁጥር ይገለጻል። የነፋሱ ፍጥነት፣ የዳገቱ መጠን በመቶኛ፣ ጎማው መሬቱ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ፣ እና አየሩ ሰውነታችሁን የሚገፋበት ልክ። ዳገቱ እስከ 0.01 በመቶ ድረስ ተለክቶ ይላካል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የትሬይነሩ ነው። ቁጥሮቹን ተቀብሎ ፍሬኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ይወስናል። እናንተ ማርሽ ስትቀይሩ እንደ ውጪው መንገድ ይቀላችኋል ወይም ይከብዳችኋል። ይህ አሠራር ሲም ሞድ ይባላል።

ኤርግ ሞድ የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ዳገት የለም፣ ነፋስ የለም። አፑ የሚልከው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 200 ዋት። ከዚያ ማርሽ ብትቀይሩ፣ ፔዳሉን ብታፈጥኑ ብታዘገዩ፣ ትሬይነሩ ከ200 ዋት እንዳትወጡ አድርጎ ይይዛችኋል። ለታቀደ ልምምድ እንደሱ የሚመች የለም። ጭንቅላት አሳርፎ መግፋት ነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለው። ዋት ማለት ፔዳሉ ላይ ያለው ጉልበት ከአዟዟር ፍጥነቱ ጋር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በደቂቃ 90 ጊዜ እያዞራችሁ 200 ዋት ለማውጣት 21 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ጉልበት ይበቃል። ደክሟችሁ ወደ 60 ብትወርዱ 32 ገደማ ያስፈልጋል። 45 ላይ ስትደርሱ 42 ይሆናል፤ ከመነሻው እጥፍ ማለት ነው። ትሬይነሩ የታዘዘውን 200 ዋት ለመጠበቅ ባዘገማችሁ ቁጥር ያከብደዋል፣ በከበደ ቁጥር እናንተ ታዘግማላችሁ። መጨረሻው ፔዳሉ ድርቅ ብሎ መቆም ነው። አዲስ ሰው ይህ ሲገጥመው «ግንኙነቱ ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም፤ ኮንትሮሉ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው። መፍትሔው ለጥቂት ሰከንድ መግፋት አቁሞ ትሬይነሩ እስኪለቅ መጠበቅና በቀላሉ እያዞሩ እንደገና መጀመር ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ገና ከባዱ ዙር ሳይገባ ካደንሳቸውን ከፍ አድርገው የሚጠብቁትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ የራስ ምታት እንምጣ። ማን ነው የሚያዘው?

ትሬይነሩን መስማት የሚፈልግ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ እጀታው ላይ ያለው የብስክሌት ኮምፒውተር። ሁሉም ቢሰሙ ችግር የለም። ሁሉም ሊያዙ ሲሞክሩ ግን ነገር ይበላሻል። አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው ቢበዛም መሪውን የሚይዘው አንድ ሰው ነው።

ኤፍቲኤምኤስ ይህን ያውቃል። አፑ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመላኩ በፊት «ኮንትሮል ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ትሬይነሩ «እሺ» ካለ ትእዛዙ ይጀመራል፤ ካልሆነ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ ይመጣል። የተሰጠው ፈቃድ ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ወይም ትሬይነሩ «ተነጥቀሃል» እስኪል ድረስ ይጸናል። ደንቡ በብሉቱዝ ማኅበር የጸደቀው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱ የምስጢር ቋንቋ ነበረው። ዋሁ የተባለው አምራች ኪከር የሚባለውን ትሬይነሩን በ2012 ገበያ ላይ ሲያወጣ ለማዘዣ የተጠቀመው የራሱን አሠራር ነበር። የአፕ ሠሪዎች ለየአምራቹ ለየብቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ ዕቃ ስትመርጡ ካርቶኑ ላይ ኤፍቲኤምኤስ የሚል ካያችሁ ልባችሁን ጣሉበት። አብዛኛው አፕ ያናግረዋል።

ከብሉቱዝ ጎን ለጎን አንት ፕላስ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ትሬይነር የሚታዘዝበት ክፍሉ ኤፍኢ-ሲ ይባላል። የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። አንት ፕላስ ሬዲዮ ጣቢያ ነገር ነው፤ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያዳምጣል፣ ትሬይነሩም ስንት ሰው እንደሚሰማው ግድ የለውም። ብሉቱዝ ግን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ለብቻው ይገናኛል። የቆዩ ትሬይነሮች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ አንድ የብሉቱዝ ግንኙነት ብቻ ነው የሚቀበሉት። አዳዲሶቹ ሁለት ሦስት ይቀበላሉ።

ይህ ልዩነት ችግሩንም ይለያየዋል። በብሉቱዝ ሲሆን ምልክቱ «ትሬይነሩ አልተገኘም» ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አፕ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ወፍ የለም። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ትናንት ትሬይነሩን አፕዴት ለማድረግ የከፈታችሁት የአምራቹ አፕ ከጀርባ ሆኖ ያለችውን አንዷን መስመር ይዟታል። አፑን ጨርሶ ዝጉት፤ ካልሆነም የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉና እንደገና ፈልጉ።

በአንት ፕላስ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ተገናኝቶ ሳለ ፔዳሉ ያብዳል። ይከብዳል፣ ይቀላል፣ ደግሞ ይከብዳል፤ መንገዱ ግን ሜዳ ነው። እዚህ ጋ ሁለት አዛዥ እየተጣላ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ የብስክሌት ኮምፒውተሩ ነው። ትሬይነሩን እንደ «ኢንዶር ትሬይነር» ከመዘገባችሁት ሲበራ ትሬይነሩን ለማዘዝ ይሞክራል። እንደ ፓወር ሜትር (የዋት መለኪያ) ብቻ ከመዘገባችሁት ግን ዋቱን እየመዘገበ ዝም ይላል። ልምምዱን እሱም ላይ መቅዳት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መንገድ ሁለተኛው ነው። (አፑም የብስክሌት ኮምፒውተሩም ልምምድ በሚመዘገብበት ስትራቫ ላይ እንዲጭኑ ከፈቀዳችሁ አንዱ ልምምድ ሁለት ጊዜ ይወጣል። አንዱን ዝጉት።)

ስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ስልኩ የብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ትሬይነሩን እዚያ ለማገናኘት ይሞክራሉ። ለጆሮ ማዳመጫ ልክ ነው፣ ለትሬይነር አይደለም። ትሬይነር የሚገናኘው አፑ ውስጥ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ አገናኝታችሁት ከሆነ «እርሳው» በሉትና ወደ አፑ ተመለሱ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ፈቃድ መስጠት አትርሱ። እስከ አንድሮይድ 11 ድረስ የሎኬሽን ፈቃድ ካልተሰጠ አፑ በአካባቢው ያለውን የብሉቱዝ ዕቃ አያይም። «ብስክሌቴ ቤት ውስጥ ቆሞ ሎኬሽን ምን ያደርግለታል?» ብሎ የከለከለ ሰው ትሬይነሩን ፈልጎ ያጣዋል። ከ12 ጀምሮ በአቅራቢያ ላሉ ዕቃዎች የሚሰጥ ራሱን የቻለ ፈቃድ መጥቷል። አይፎን አንት ፕላስ ስለሌለው ያለው ምርጫ ብሉቱዝ ነው።

ብሉቱዝም አንት ፕላስም የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። ዋይፋዩም ማይክሮዌቩም እዚያው ነው ያሉት። ስለዚህ ዋቱ አንዳንዴ ዜሮ እየሆነ ከተመለሰ መጀመሪያ ርቀቱን እዩ። አንት ፕላስ መቀበያዋን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ከዩኤስቢ 3 ሶኬት ጎን የሰካ ሰው ችግር ጠርቷል። ዩኤስቢ 3 በራሱ እዚያው ሞገድ ላይ ድምፅ ይረጫል። አንድ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝቶ መቀበያዋን ትሬይነሩ ሥር ማድረግ፣ በእኔ ግምት፣ ከየትኛውም የሴቲንግ ጨዋታ ይበልጣል።

አንዳንዴ ኮንትሮሉ በትክክል ሠርቶም ዳገቱ የውሸት ይመስላል። ዝዊፍት ላይ «ትሬይነር ዲፊከልቲ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ሳትነኩት 50 በመቶ ላይ ነው ያለው። ስክሪኑ 10 በመቶ ዳገት ሲያሳይ ትሬይነሩ የሚደርሰው 5 በመቶ ነው። ብዙዎች ዝቅ ማድረግን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው የሚሄድበት ፍጥነት የሚሰላው ከምታወጡት ዋትና ከክብደታችሁ ነው፤ ማስተካከያው እሱን አይነካም። የሚለውጠው እግራችሁ ላይ የሚሰማውንና በየትኛው ማርሽ እንደምትወጡ ነው። ጉልበቱ ለማንም አይቀነስለትም።

ስለ ካሊብሬሽን፣ ማለትም የትሬይነሩን ልኬት ስለ ማስተካከል፣ ትንሽ ልበል። የኋላ ጎማው ተፈትቶ ሰንሰለቱ በቀጥታ ትሬይነሩ ላይ የሚያርፍበት ዓይነት ከሆነ ብዙም አትጨነቁ። ጎማው ከብረት ጥቅልል ጋር የሚታከክበት ከሆነ ግን የጎማው ንፋስና ሙቀት ዋቱን ያዛባል። 10 ደቂቃ ያህል ጋልባችሁ ካሞቃችሁት በኋላ ካሊብሬት አድርጉ፣ የጎማውንም ንፋስ ሁልጊዜ እኩል አድርጉት። አለበለዚያ ትእዛዙ በትክክል ይደርሳል፣ አፈጻጸሙ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

የአንት ፕላስ ነገር ደግሞ እያበቃ ነው። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ንብረት ነው፤ ለዕቃዎች የሚሰጠው የማረጋገጫ ፕሮግራም በ2025 ተዘግቷል። እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ መሥራቱን አያቆምም፤ ትሬይነሩም የሚያዘው ዕቃም አንት ፕላስ እስካላቸው ድረስ ይነጋገራሉ። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ዓይኑን ብሉቱዝ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል። አንዳንድ አዳዲስ ትሬይነሮች ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ገመድም ይቀበላሉ። ትሬይነሩ ከኮምፒውተሩ የራቀ ክፍል ውስጥ ከሆነ ወይም ብሉቱዙ አልረጋ ካለ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።