ዞዞ ሻምፒዮንሺፕ፦ ሁለት ግሪን ያለው ሜዳ እና ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

አሜሪካዊው ጎልፈኛ ታይገር ዉድስ በ2019 ጃፓን ላይ ዋንጫ ያነሳበት ቪዲዮ በዞረ ቁጥር ያው የተሳሳተ ወሬ አብሮት ይዞራል፣ አመታት አልፈውም ወሬው አላረጀም። እኔ ዱባይ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሰባት አመት ሳር ስንከባከብ ነው የኖርኩት፣ ጎልፍን የማውቀው ከዱላው ሳይሆን ከሳሩ በኩል ነው፣ ስለዚህ አንዳንዱን ሰምቼ ማለፍ ይከብደኛል። ውድድሩ ዞዞ ሻምፒዮንሺፕ ነው፣ ከ2019 እስከ 2024 በዚህ ስም ተካሂዷል፣ አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

"ዞዞ የከተማ ስም ነው።" አይደለም። ልብስ በኢንተርኔት የሚሸጥ የጃፓን ድርጅት ነው፣ ስፖንሰር ስለነበር ስሙን ሰጠው።

"ሜዳው ናራሺኖ ከተማ ነው ያለው።" ክለቡ ናራሺኖ ካንትሪ ክለብ ይባላል እንጂ ያለው ኢንዛይ ከተማ ነው፣ እዛው ቺባ ግዛት ውስጥ፣ ከቶኪዮ በስተምስራቅ።

"ሁሌም ጃፓን ነው የተካሄደው።" 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት ካሊፎርኒያ ሄዷል፣ ፓትሪክ ካንትሌይ አሸነፈ።

"ታይገር እዛ ሪከርድ ሰበረ።" አልሰበረም፣ እኩል ሆነ። 82ኛ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድሮች ዙር) ድሉ ነበር፣ የድሮው አሜሪካዊ ተጫዋች ሳም ስኒድም 82 አለው፣ ስኒድ የመጨረሻዋን ያገኛት በ1965 በ52 አመቱ ነው። እኩል መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሚጨምሩበት አይገባኝም።

"ትልልቅ ተጫዋቾች ጃፓን የሄዱት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።" ይሄን የሚሉት ከ2019 በፊት ጎልፍ አይተው የማያውቁ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው የፒጂኤ ቱር መደበኛ ውድድር ጃፓን መካሄዱ ነው። አሜሪካኖቹ ግን ለጃፓን ውድድሮች ከ70ዎቹ ጀምሮ ይመላለሱ ነበር፣ የ1972ን ታይሄዮ ማስተርስ ጌይ ብሩወር፣ የ1974ን ደንሎፕ ፊኒክስ ጆኒ ሚለር ወስደዋል። ታይገር ራሱ ደንሎፕ ፊኒክስን 2004 እና 2005 ላይ ተከታትሎ አሸንፏል። ከዛም በፊት በ1957 ጃፓኖች ካሱሚጋሴኪ የሚባል ክለብ ላይ የካናዳ ካፕን፣ የአገሮች የቡድን ውድድር ነው፣ አሜሪካንን አስከትለው ሲወስዱ ነው አገሩ በጎልፍ ያበደው። ዞዞ የመጣው ጎልፍ ለሚያውቅ ህዝብ ነው።

"ቅዳሜ ተመልካች አልነበረም፣ ህዝቡ ግድ የለውም ማለት ነው።" ይሄ ነውር ነው። ያን አርብ ቺባ ላይ የወረደው ዝናብ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከትሎ ሰው ሞቷል፣ ቺባ ገና ከመስከረሙ አውሎ ነፋስ ሳታገግም ማለት ነው። የአርቡ ጨዋታ ተሰረዘ፣ ቅዳሜ ሜዳው አደገኛ ስለነበር አዘጋጆቹ ናቸው ተመልካች አይግባ ያሉት። እሁድ በሩ ሲከፈት የነበረውን ሰው ፈልጋችሁ እዩት። ውድድሩ ያለቀውም ሰኞ ጠዋት ነው።

"የሚጫወተው 78 ሰው ብቻ ነው፣ መሀል ላይ የሚቀነስም የለም፣ ስለዚህ ሽርሽር ነው።" ታይገር ጉልበቱን ኦፕሬሽን ከተደረገ ሁለት ወር ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ጉድጓዶች በተከታታይ ቦጊ (ለጉድጓዱ ከተመደበው በአንድ ምት የበለጠ) አድርጎ ጀመረ፣ ከዛ ያንኑ ዙር በ64 ምት ጨረሰ። መጨረሻ ላይ ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ቁጥር፣ 19 በታች ሆኖ አሸነፈ፣ ጃፓናዊውን ማትሱያማን በሶስት ምት በልጦ። ሽርሽር እንዲህ ከሆነ እሺ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ናራሺኖ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጎን ለጎን ሁለት ግሪን አለው፣ ቪዲዮው ላይ በደንብ ይታያል። እና ሰው ምን ይላል፣ "ጃፓኖች ሀብት ስለተረፋቸው ለውበት ያደረጉት ነው"፣ ሌላው "አንዱ ለጀማሪ አንዱ ለፕሮ ነው"፣ ጎልፍ አስተምራለሁ የሚል አንድ ልጅ ደግሞ "አንዱ የሴቶች ነው" ብሎ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ስህተት ነው። ነገሩ የሳር ጉዳይ ነው።

ግሪን ማለት ባንዲራው የተተከለበት፣ ሳሩ ምንጣፍ እስኪመስል በሚሊሜትር የሚታጨድበት ቦታ ነው። ሳርን እንዲህ ስትቆርጠው ምግቡን የሚሰራበትን ቅጠል እየወሰድክበት ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በቋፍ ላይ ነው ያለው፣ ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ በሽታ፣ ትንሽ የሰው እግር ሲበዛበት ይሄዳል። ጉድጓዱን በየቀኑ ቦታ የምንቀይረውም ለዚህ ነው፣ ሰው ሁሉ እዛው ስለሚቆም።

የጃፓን ችግር ደግሞ አየሩ ነው። ቶኪዮ አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም እርጥበቱም አንድ ላይ ይመጣል፣ ጥር ላይ ውርጭ ነው። ሁለቱንም እኩል የሚወድ ሳር የለም። ኮራይ የሚሉት ሳር ሙቀት ይወዳል፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ብርድ ሲመጣ ማደግ ያቆምና ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉም ሻካራ ስለሆነ ኳሱን ሳሩ ወደተኛበት ይጎትተዋል። ቤንት የሚባለው ቀጭን ነው፣ ኳስ ላዩ ላይ ያለ ችግር ይንከባለላል፣ ብርድ አይፈራም፣ ግን በሙቀትና በእርጥበት ሥሩ ይታመማል። ስለዚህ ድሮ ጃፓኖቹ ሁለቱንም ዘሩ። በሙቀት ኮራዩ ላይ ይጫወታሉ ቤንቱ ያርፋል፣ በብርድ ይገለበጣል። ገበሬ መሬቱን ጦም ሲያሳድር ለውበት ነው የሚለው አለ? ያው ነው።

እረፍት ያጣ ግሪን ምን እንደሚሆን ደግሞ በአይኔ አይቻለሁ። ዱባይ እኔ የሰራሁበት ሜዳ ላይ አንድ ክረምት፣ ክረምት ስል የነሱን ታህሳስና ጥር ማለቴ ነው፣ ቱሪስቱ የሚጎርፍበት ጊዜ ነው፣ ቤርሙዳ ሳሩ ደግሞ በብርዱ እድገቱን የሚቀንስበት። አንዱ ግሪን ሲሳሳ አይተን ለሁለት ሳምንት ይዘጋና ጊዜያዊ ግሪን እንስራ ብለን ለመንን፣ አለቃው እንግዳ አለ ብሎ እምቢ አለ። የካቲት ላይ ግሪኑ መሀል ላይ አፈር ሆነ፣ እስኪሞቅ ድረስ ምንም ማድረግ አልቻልንም፣ ውሃ ብታጠጣው ያልነቃ ሳር አያድግም። ያኔ ጎኑ ሁለተኛ ግሪን ቢኖረን ኖሮ ባንዲራውን ነቅለን እዛ መትከል ብቻ ነበር የሚጠበቅብን።

ኋላ ላይ ሙቀት የሚችሉ የቤንት ዝርያዎች ሲመጡ አንዳንድ ክለቦች ወደ አንድ ግሪን ተመለሱ፣ ካሱሚጋሴኪም ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ሁለቱን አንድ አድርጓል። ያልቀየሩትም ብዙ ናቸው፣ አንዱን ማሳረፍ አሁንም ይጠቅማቸዋል።

ጃፓን ሄዳችሁ የመጫወት እድል ካገኛችሁ ይሄን ያዙ። ኳሳችሁ ባንዲራ በሌለው ግሪን ላይ ካረፈች ከዛ መምታት አይፈቀድም፣ ቅጣት ሁለት ምት ነው። ቅርብ ያለውን ከግሪኑ ውጪ የሆነ ቦታ ፈልጋችሁ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ በነጻ ትጥላላችሁ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ኳሷ ውጪ ሆና እግራችሁ ብቻ ግሪኑ ላይ ቢቆምም ያው ነው፣ መውጣት ግዴታ ነው። ከመምታታችሁ በፊት የዛሬው ግሪን ግራው ነው ቀኙ ብላችሁ ካዲዋን (ዱላ ይዛ የምታጅባችሁን) ጠይቁ፣ እዛ ሁሉም ይጠይቃል፣ አያሳፍርም። ርቀቱም ይለያያል፣ የተሳሳተውን ለክታችሁ ብትመቱ ዱላ ምርጫችሁ ሁሉ ይበላሻል።

አንድ ቀረኝ፣ "ዞዞ የተዘጋው ታይገር መምጣት ስላቆመ ነው" የሚሉት። ከታይገር በኋላ አምስት ጊዜ ተካሂዷል እኮ። 2021 ላይ ማትሱያማ፣ በዛው አመት ማስተርስን፣ ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን፣ ያሸነፈው፣ በቀን 5,000 ሰው ብቻ በተፈቀደበት 18ኛውን ጉድጓድ በኢግል (ከተመደበው በሁለት ምት ባነሰ) ዘግቶ በአምስት ምት በልጦ አገሩ ላይ ወሰደው፣ ለጃፓኖች ከታይገሩ ድል የማይተናነስ ነው። ከዛ ኪገን ብራድሊ፣ ኮሊን ሞሪካዋ፣ 2024 ላይ ኮሎምቢያዊው ኒኮ ኤቻቫሪያ። ከዛ በኋላ የዞዞ ስም ወረደ፣ ቤይከረንት የሚባል ድርጅት ስፖንሰር ሆኖ ውድድሩ 2025 ላይ ዮኮሃማ ካንትሪ ክለብ ሄደ። ያሸነፈው ዛንደር ሾፍሌ ነው፣ እናቱ ጃፓን ያደገች፣ ያ ሁለቱን ግሪን አንድ ባደረገው ካሱሚጋሴኪ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው ልጅ።