የኦንላይን «ቶሎ ክበር» ተስፋ ምንድን ነው? እንዴትስ ይለያል?

«በቀን 2 ሰዓት ብቻ ሠርተህ በወር 10,000 ዶላር አግኝ» የሚል ማስታወቂያ ያልገጠመው የስልክ ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል። «ቶሎ ክበር» የምንለው ይህን ነው፦ በአጭር ጊዜ፣ ያለ ልምድና ያለ ብዙ ድካም ትልቅ ገቢ እንደሚገኝ እየነገረ፣ ወደዚያ ገቢ ለመድረስ ግን አስቀድሞ የሚያስከፍል አቅርቦት። የሚሸጠው ነገር ኮርስ ሊሆን ይችላል፤ «ተዘጋጅቶ የሚሰጥ» የኦንላይን ሱቅ፣ የንግድ ሮቦት (በራሱ ይገበያያል የሚባል ሶፍትዌር)፣ የአባልነት ደረጃ ወይም «የሥራ ዕድል»ም ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ግን ዓይን ያወጣ ሌብነት አይደለም። ድሮፕሺፒንግ (ዕቃ ሳያከማቹ ትእዛዝ ተቀብሎ አቅራቢው በቀጥታ ለገዢው እንዲልክ ማድረግ)፣ አፊሊየት ማርኬቲንግ (የሌላውን ዕቃ አስተዋውቆ ከሽያጩ ኮሚሽን ማግኘት)፣ የቪዲዮ ቻናል፣ በፍሪላንስ መሥራት፣ ሁሉም እውነተኛ ሥራዎች ናቸው፤ የሚተዳደሩባቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ «ድሮፕሺፒንግ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን የሚነግረኝ ሰው ራሱ የሚበላው ከየት ነው? ከሥራው ነው ወይስ ሥራውን ለእኔ ከመሸጥ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኛ መንገድ ነው።

የገቢ ስክሪንሾት ምን ያሳያል፣ ምንስ ይደብቃል?

ዋናው ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ የሱቅ ዳሽቦርድ (የሽያጭ ቁጥሮች ማሳያ ገጽ)፣ ሽቅብ የሚወጣ ግራፍ፣ ከላዩ ደግሞ በትልቁ 100,000 ዶላር። ይህ ቁጥር ሽያጭ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም። በምሳሌ እንየው። አንድ ድሮፕሺፐር 2,500 ዕቃ፣ እያንዳንዱን በ40 ዶላር ሸጠ እንበል። 100,000 ዶላር ገባ። ለአቅራቢው የዕቃና የማጓጓዣ በአንድ ዕቃ 16 ዶላር ከከፈለ 40,000 ወጣ። አንድ ገዢ ለማምጣት የሚያወጣው የማስታወቂያ ወጪ 18 ዶላር ከሆነ 45,000 ወጣ። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት 3 በመቶ ሲቆርጥ 3,000፤ ዕቃው ዘግይቶ ወይም ተበላሽቶ ገንዘባቸው የሚመለስላቸው ደንበኞች 8 በመቶ ቢሆኑ 8,000፤ ለሱቁ ሶፍትዌርና ለተጨማሪ አፖች 1,000። ተደምሮ 97,000 ነው። በእጁ የቀረው 3,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ያውም ግብር ሳይከፈልበትና የራሱ ድካም ሳይታሰብ።

አሁን የማስታወቂያው ወጪ በአንድ ገዢ ከ18 ወደ 20 ዶላር ከፍ ይበል። ወጪው በ5,000 ይጨምርና ሱቁ 2,000 ዶላር ይከስራል። ስክሪንሾቱ ግን አሁንም ያው 100,000 ነው። አክሳሪ ሱቅም የሚያምር ስክሪንሾት ይወጣዋል።

ይህ ቁጥሩ እውነተኛ ነው ብለን ነው። ላይሆንም ይችላል። ማንኛውም ሰው በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ቀኙን የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ የገጹን ኮድ በመክፈት፣ በማያ ገጹ ላይ ያለን ቁጥር በሰከንዶች ውስጥ መቀየር ይችላል፤ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልገውም። በፎሬክስ (በውጭ ምንዛሪ) እና በክሪፕቶ ንግድ ደግሞ ይህም አያስፈልግም፦ በምናባዊ ገንዘብ የሚሠራ ዴሞ አካውንት ከፍቶ፣ ያተረፈበትን ቀን ብቻ ቀርጾ ማሳየት ይበቃል። ቀኑም ተመርጦ ሊሆን ይችላል፤ የበዓል ገበያ የደራበትን አንድ ሳምንት አሳይቶ «የእኔ ሳምንት ይህን ይመስላል» ማለት የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ስክሪንሾት ሲልክ የ12 ተከታታይ ወራት ገቢና ወጪ፣ የማስታወቂያ ወጪውን የሚያሳይ ገጽና ወደ ባንክ የገባውን ገንዘብ አብሮ እንዲያሳይ ይጠይቁ። በእርግጥ የሚሠራ ነጋዴ እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል፤ ማሳየት ባይፈልግ እንኳ ስለ ትርፍ ህዳጉ ያለ ጭንቀት ያወራል። ሻጩ «አስተሳሰብህ የድሃ ነው» ወደሚል ንግግር ከዞረ መልሱ ተገኝቷል።

የተማሪዎች ምስክርነትም በዚሁ ዓይን ይታይ። ከ1,000 ገዢ 10ሩ ቢሳካላቸው ለማስታወቂያ ቪዲዮ ከበቂ በላይ ናቸው፤ የ990ው ድምፅ ግን አይሰማም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የ70 ኔትወርክ ማርኬቲንግ (አባላት ዕቃ በመሸጥና ሌላ አባል በማስገባት የሚከፈሉባቸው) ድርጅቶችን የገቢ መግለጫ መርምረው፣ አብዛኛው ተሳታፊ በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች እንደሚያገኝ ጽፈዋል። በወር ሲካፈል 84 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹ መግለጫዎች ደግሞ የተሳታፊውን ወጪ አይቀንሱም። በማስታወቂያው ግርጌ በጥቃቅን ፊደል «ይህ ውጤት የሁሉም ሰው አይደለም» የሚል ጽሑፍ ካዩ በትልቁ ከተጻፈው ይልቅ እሱን ይመኑ።

ርካሹ ኮርስ ለምን ርካሽ ሆነ?

በመጀመሪያ ነፃ ዌቢናር (በኦንላይን የሚታይ ገለጻ) አለ። ቀጥሎ የ27 ወይም የ49 ዶላር «መጀመሪያ»። ከዚያ 997፣ ከዚያ 5,000፣ ከዚያ ደግሞ «ሁሉንም እኛ እንሠራልሃለን» የሚለው አሥር ሺዎች የሚጠይቀው ጥቅል። ትንሿ ክፍያ ለትርፍ አይደለችም፤ ካርዱን አውጥቶ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መለያ ወንፊት ነች። ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ሞቤ በተባለ የኦንላይን ቢዝነስ ትምህርት ሻጭ ላይ ያቀረበው ክስ ይህንኑ ያሳያል፦ ደንበኛው በ49 ዶላር ባለ 21 ደረጃ ፕሮግራም ይጀምራል፤ እየገፋ ሲሄድ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠሩ አባልነቶች እንዲገዛ ይገፋል። «ቢዝነሱ» ራሱም በአመዛኙ እነዚያኑ አባልነቶች ለሌላ ሰው መሸጥ ነበር።

በዚህ መሰላል ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው «አሰልጣኙ» የሚደውለው ስልክ ነው። ስለ ሕልምዎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጠባ እንዳለዎት፣ የክሬዲት ካርድዎ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ከቤተሰብ መበደር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃል። «ብቁ መሆንህን ለማወቅ ነው» ይላል። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮሚሽን የሚከፈለው ሻጭ ነው፤ የሚለካውም ብቃት ሳይሆን ኪስ ነው።

ጥድፊያው ደግሞ በቀላሉ ይፈተናል። «ቅናሹ በ14 ደቂቃ ያበቃል» የሚል ቆጣሪ ካዩ ገጹን ዘግተው በብራውዘሩ የግል መስኮት እንደገና ይክፈቱት። ቆጣሪው እንደ አዲስ ከጀመረ ቅናሹ አያበቃም ማለት ነው። ዌቢናሩም «ቀጥታ» ይባልና በየ15 ደቂቃው የሚጀምር ከሆነ የተቀዳ ነው፤ በጎን የሚሮጡት «ገዛሁ! አመሰግናለሁ!» የሚሉ መልእክቶችም አብረው የተጫኑ ናቸው።

የገንዘብ ተመላሽ ዋስትናው ላይ ሰው በብዛት ይሸወዳል። «100 በመቶ ይመለሳል» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ተከትሎ ውሉን ሲከፍቱት፦ ሁሉንም ቪዲዮ ማየት፣ ሁሉንም መልመጃ መሥራት፣ ለ90 ቀን ማስታወቂያ መክፈል፣ ይህን ሁሉ በማስረጃ ማቅረብ። 30 ቀን በሚቆይ ዋስትና ላይ የ90 ቀን ሥራ የሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታ ከተቀመጠ ዋስትናው ለይስሙላ ነው።

«ሥራው» ላይክ መጫን ሲሆን

በፍጥነት የተስፋፋ ሌላ ዓይነትም አለ። ከማያውቁት ቁጥር በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፦ ቪዲዮ ላይክ ማድረግ፣ ሆቴል ደረጃ መስጠት፣ «ምርት ማሻሻል»። ለኤፍቲሲ ስለዚህ ማታለያ የደረሰው ጥቆማ በ2020 ምንም አልነበረም፤ በ2023 ወደ 5,000፣ በ2024 የመጀመሪያ 6 ወራት ብቻ ወደ 20,000 ደረሰ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በአንድ መድረክ ላይ አካውንት ይከፈትልዎታል። በአንድ ዙር 40 ያህል ሥራ ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ጠቅታ የሚታየው ሂሳብ ያድጋል። በመጀመሪያው ቀን 5 ወይም 10 ዶላር በእርግጥ ወደ እጅዎ ይገባል፤ ይህች ገንዘብ መረቡ ላይ የተቀመጠች ጥሬ ናት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን «ልዩ ጥምር ትእዛዝ» ይመጣል። ኮሚሽኑ ብዙ እጥፍ ነው፤ ሂሳብዎ ግን በድንገት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ዙሩን ለመጨረስ 80 ዶላር ማስገባት አለብዎት። ሲያስገቡ ቀጣዩ ጥምር 300 ይጠይቃል፣ ከዚያ 1,200። ለማውጣት ሲሞክሩ «ግብር»፣ «የማረጋገጫ ክፍያ»፣ «የክሬዲት ነጥብህ ወርዷል» ይባላል። በቡድኑ ውስጥ «እኔም ፈርቼ ነበር፣ ከፈልኩና 4,000 አወጣሁ» የሚሉት አባላት ተባባሪዎች ናቸው።

ሰው ለምን ይቀጥላል? ማያ ገጹ ላይ 2,600 ዶላር «የራሱ» ሆኖ እያየ 300 ከፍሎ ሊያድነው ስለሚፈልግ ነው። ያ ቁጥር ግን አጭበርባሪው የጻፈው ጽሑፍ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ደመወዙን ለመቀበል አስቀድሞ የሚከፍል ሠራተኛ በየትም ዓለም የለም፤ እዚህ ላይ ሌላ ምርመራ እንኳ አያስፈልግም።

ሂሳቡ ራሱ እንቢ ሲል

አንዳንድ ተስፋ በካልኩሌተር ብቻ ይወድቃል። «በቀን 1 በመቶ ትርፍ፣ የተረጋገጠ» የሚለው ሲሰሙት ልከኛ ይመስላል። ትርፉ በየቀኑ ከዋናው ጋር እየተደመረ ለ365 ቀን ቢሄድ 100 ዶላር ወደ 3,778 ያድጋል፤ ገንዘቡ ወደ 38 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው የእርስዎን 100 ዶላር አይለምንም፤ ከባንክ ተበድሮ በጥቂት ዓመት ባንኩን ይገዛዋል። ቻርለስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ሲነሳ ትርፉ ከዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን ንግድ እንደሚመጣ ይናገር ነበር፤ የሚከፍለው ግን ከአዳዲስ ገንዘብ አስገቢዎች በሰበሰበው ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ወደቀ። ዛሬ ኩፖኑ «ኤአይ ሮቦት» ወይም «ክሪፕቶ ማይኒንግ» ተብሏል፤ የገንዘቡ መንገድ ግን አልተለወጠም። ቀደም ብለው የገቡት እየተከፈላቸው ስለሆነ «እኔ አውጥቻለሁ» የሚል የቅርብ ሰው መኖሩም ማስረጃ አይሆንም።

ሰው በማስገባት የሚከፍለውም እንዲሁ። እያንዳንዱ አባል 6 ሰው ያስገባ ከተባለ 13ኛው ደረጃ ላይ ከ13 ቢሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ ዓለም ላይ ደግሞ ያን ያህል ሕዝብ የለም። ዕቃ መኖሩ ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም። ዕቃውን ከአባላት ውጭ ማንም የማይገዛው ከሆነ ክፍያው የሚመጣው ከመግቢያ ገንዘብ ነው።

ከመክፈል በፊት

የድርጅቱን ስም ከ«ቅሬታ» እና ከ«ማጭበርበር» ጋር አድርገው ይፈልጉ፤ ስሙን በየጊዜው የሚቀይር ስለሚኖር የባለቤቱንም ስም እንዲሁ። የድረ ገጹ ስም መቼ እንደተመዘገበ ሁይዝ በሚባለው ፍለጋ ይታያል፤ «10 ዓመት የሠራን» የሚል ድርጅት ድረ ገጹ የ3 ወር ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። የምስክሮቹን ፎቶ በምስል ፍለጋ ይመርምሩ፤ ያው ፊት በሌላ ስም ሲገኝ ብዙ ጊዜ ነው። የድሮ ገጾችን የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ያው ሰው ከ2 ዓመት በፊት ምን ይሸጥ እንደነበር ማየት ይቻላል። በየዓመቱ ሌላ «ወርቃማ ዕድል» ካለው ሥራው ዕድል መሸጥ ነው።

ጊዜም ይጠይቁ። በአሜሪካ ሕግ የዚህ ዓይነት የንግድ ዕድል ሻጭ ከመፈራረም ወይም ገንዘብ ከመቀበል ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ መግለጫ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ የገቢ ቁጥር ከጠራም ማስረጃውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ሕጉ የማይመለከትዎ ቢሆንም መለኪያው ይሠራል፦ 7 ቀን እንድታስብ አልፈቅድም የሚል ሰው የሚፈራው ነገር አለው።

አከፋፈሉም ራሱ ይናገራል። በካርድ የተከፈለ ሊከራከሩበት ይችላሉ። በክሪፕቶ፣ በስጦታ ካርድ ወይም በግለሰብ ሂሳብ የተላከ ግን በአብዛኛው አይመለስም፤ አጭበርባሪውም የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ

ተጨማሪ ክፍያ፣ ምንም ስም ይሰጠው፣ ይቁም። አጭበርባሪውን ከማገድዎ ወይም ከመጣላትዎ በፊት የውይይቱን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻውንና የድረ ገጹን ስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ አጭበርባሪዎቹ እርስዎ እንደነቁባቸው ሲያስቡ ሁሉንም ያጠፉታል። በዚያው ቀን ለባንኩ ወይም ለካርድ ሰጪው ያሳውቁ፤ ለመከራከሪያ የተሰጠው ጊዜ የተወሰነ ነው። ኮምፒውተርዎን ከሩቅ የሚቆጣጠር ፕሮግራም አስጭነውዎት ከሆነ መጀመሪያ ያጥፉት፣ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ፣ ከዚያ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ መልእክት ይጠብቁ። «የጠፋብህን ክሪፕቶ አስመልሳለሁ» የሚል «ሃከር»፣ «ጠበቃ» ወይም «መርማሪ» ይመጣል። የተበሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ ስለዚህ የጠፋውን መጠን በትክክል ማወቁ አዋቂነቱን አያሳይም። የሚጠይቀውም ያንኑ የለመዱትን ነው፦ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ።