አዲሱ ሚዲያ ሲባል ምን ማለት ነው?

ዲጂታል ሚዲያ «አዲስ» የተባለው ከጋዜጣና ከቴሌቪዥን በኋላ ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ቴሌቪዥንም በጊዜው አዲስ ነበር። ቁም ነገሩ ጽሑፉም፣ ድምፁም፣ ምስሉም ወደ ቁጥር መለወጡ ነው። ሌላው ጠባዩ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል፤ ቁጥር የሆነ ነገር ያለ ወጪ ይባዛል፣ ይቀየራል፣ ይቆጠራል።

አንድ ፎቶ እንውሰድ። ባለ 12 ሜጋፒክሰል የስልክ ካሜራ ምስሉን 12 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አድርጎ ይመዘግበዋል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሆኑ ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 36 ሜጋባይት ይሆን ነበር። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ጄፔግ በሚባለው ዘዴ ዓይን እምብዛም የማይለየውን እየጣለ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወርደዋል። ከፋይሉ ጋር የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ ጂፒኤስ ክፍት ከሆነም ቦታው አብሮ ይጻፋል። ሜታዳታ የሚባለው ይህ ነው።

ፎቶው በዋትስአፕ እንደ ተራ ምስል ሲላክ እንደገና ይጨመቃል፤ ሜታዳታውም ይራገፋል። እንደ ሰነድ ከተላከ ግን ፋይሉ እንዳለ ይደርሳል። የደረሰው ሰው ስክሪንሾት ካነሳው ደግሞ አዲሱ ፋይል የሚይዘው የስክሪንሾቱን ቀን ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የተነሳ የጎርፍ ፎቶ «አሁን የደረሰ» ተብሎ የሚዞረው በዚህ ቀዳዳ ነው። ምስሉን ማንም አልነካካውም፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የፎቶሾፕ ምልክት መፈለግ እዚህ ላይ ድካም ነው። የሚያዋጣው ምስሉን ራሱን በጉግል ሌንስ (በቃል ፈንታ በምስል በሚፈልገው የጉግል መሣሪያ) ፈልጎ ቀድሞ የወጣበትን ቀን ማግኘት ነው።

ማባዛት ወጪ ከሌለው የሚያቆመው ምንድን ነው? በጋዜጣ ዘመን አዘጋጁና የማተሚያው ዋጋ ያቆሙት ነበር። አሁን የቀረው ሆን ተብሎ የሚገባ እንቅፋት ነው። ሕንድ ውስጥ በዋትስአፕ የተዛመተ የሕፃናት ጠለፋ ወሬ ሰዎችን በደቦ ጥቃት ካስገደለ በኋላ ኩባንያው በ2018 እዚያ አንድ መልእክት በአንዴ ከ5 ቻት በላይ እንዳይተላለፍ ገደበ፤ በ2019 ገደቡን ለዓለም ሁሉ አደረገው። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ ያለፈ መልእክት በአንዴ ለአንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ወሰነ። መልእክቶቹ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነባቸው የተመሰጠሩ በመሆናቸው ኩባንያው ይዘቱን ማየት አይችልም፤ የሚቆጥረው ስንት እጅ እንዳለፈ ነው።

በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ግን ቆጠራው ሌላ ሥራ አለው። ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼር፣ ቪዲዮው ላይ የተቆየበት ጊዜ ሁሉ ይመዘገባል፤ አልጎሪዝሙም፣ ማለትም ልጥፎችን የሚመርጠው የኮምፒውተር ስሌት፣ ቀጥሎ ምን ይታይ የሚለውን በዚህ ይወስናል። የሁለት ሰው ስክሪን አንድ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ግን በማሽን ላይ መጣል አያስኬድም። በ2018 የታተመ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 126 ሺህ ያህል በትዊተር የተሰራጩ ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። የቦቶች (እንደ ሰው ሆነው በራሳቸው የሚለጥፉና የሚያጋሩ ፕሮግራሞች) ድርሻ ተቀንሶ ሲታይም ልዩነቱ አልጠፋም፤ አጋሪው ሰው ነው።

ቆጣሪው የማይችለው ነገርም አለ። ሊያወግዝ ሼር ያደረገና ሊያሞግስ ሼር ያደረገ ለእሱ ሁለቱም አንድ አንድ ሼር ናቸው። ተናድዶ የተጻፈ ረጅም ኮሜንትም ልጥፉን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ሐሰት ለማጋለጥ የፈለገ ሰው ዋናውን ልጥፍ ሼር ከማድረግ ስክሪንሾት አንስቶ፣ ምስሉ ላይ በጉልህ «ሐሰት» ብሎ ጽፎ ቢለጥፍ ይሻለዋል። ጽሑፉ ከምስሉ ውጭ ከሆነ የሚቀጥለው አጋሪ ቆርጦ ይጥለዋል።