የመዝናኛ ፓርክ አውቶቡስ ሹፌር «ጥቅማጥቅም» ምንድን ነው?

በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ደመወዝና ጥቅማጥቅም» ሁልጊዜ ተያይዘው ይጻፋሉ፤ የሥራ ፈላጊው ዐይን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ጥቅማጥቅም ማለት አሠሪው ለሠራተኛው ከደመወዝ ውጪ የሚሰጠው፣ በገንዘብ ሊተመን የሚችል ነገር ሁሉ ነው፤ የጤና መድን፣ ክፍያ ያለው ፈቃድ፣ ለጡረታ ቁጠባ የሚጨመር መዋጮ፣ የትምህርት ክፍያ፣ ነጻ መግቢያና የዋጋ ቅናሽ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ቃሉን እዚህ የማብራራው በአንድ ሥራ አማካይነት ሲሆን፣ እርሱም በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ዎልት ዲዝኒ ወርልድ እንግዶችን ከሆቴል ወደ መዝናኛ ፓርክ የሚያመላልስ ሹፌር ሥራ ነው። ይህን ሥራ የመረጥኩት በሰዓት የሚከፈለው ገንዘብና ሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ያገኘው ጥቅም ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ዎልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 የተከፈተ ሲሆን፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ 4 ዋና ዋና የመዝናኛ ፓርኮችንና ከ20 በላይ ሆቴሎችን ይዟል። በዚህ ስፋት የተነሳ አውቶቡሶቹ የሚሠሩት እንደ አንድ ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው፤ ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት ይጀምራሉ፣ ከተዘጋም በኋላ እንግዳው ሁሉ እስኪሄድ ድረስ ይቆያሉ። አመልካች ከሁሉ በፊት ሊያጣራው የሚገባው የሚቀጥረው ማን እንደሆነ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመላልስ የነበረው «ማጂካል ኤክስፕረስ» የዲዝኒን ስም ቢይዝም፣ ሥራውን በውል ያካሂድ የነበረው ሚርስ የተባለ ሌላ የትራንስፖርት ድርጅት ነበር። በአውቶቡሱ ጎን ላይ የተሳለው ምስል የማንም ቢሆን፣ ጥቅማጥቅሙን የሚወስነው የደመወዝ ቼኩን የሚፈርመው አሠሪ ነው።

ሥራው ልዩ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ትልቅ የሕዝብ አውቶቡስ ለመንዳት ቢያንስ የ«ክላስ ቢ» የንግድ መንጃ ፈቃድና በእርሱ ላይ ሕዝብ ለማጓጓዝ የሚያስችል ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ሰው በፌደራል መዝገብ ከተመዘገበ አሠልጣኝ ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ሆኗል። ይህን ሥልጠና በራስ ወጪ መውሰድ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ሠራተኛውን ቀጥሮ ደመወዝ እየከፈለ የሚያሠለጥን አሠሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ብቻ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም «ከተወሰነ ጊዜ በፊት ሥራውን ብትለቅ ወጪውን ትመልሳለህ» የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለ፣ ጥቅሙ በከፊል ዕዳ ነውና ከመፈረም በፊት መነበብ አለበት።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ የዎልት ዲዝኒ ወርልድ አውቶቡስ ሹፌሮች የሥራ ሁኔታ የሚወሰነው ስድስት የሠራተኛ ማኅበራት በጥምረት በሚደራደሩት የኅብረት ስምምነት ነው፤ ሹፌሮቹን የሚወክለው የቲምስተርስ ማኅበር ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተደረሰው ስምምነት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር አደረሰው። በ2023 መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ የቀረበላቸውን አንድ ሐሳብ በከፍተኛ ድምፅ ውድቅ ካደረጉ በኋላ፣ በማርች ወር መጨረሻ ወደ 45,000 ሠራተኞችን የሚመለከት አዲስ ስምምነት ጸደቀ፤ በእርሱም መነሻው እስከ ዓመቱ መጨረሻ 18 ዶላር፣ እስከ 2026 ደግሞ 20 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲደርስ ተወሰነ። እነዚህ ቁጥሮች ወለል ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሹፌር ክፍያ እንደ ሥራ መደቡና እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ለንጽጽር፣ የፍሎሪዳ ግዛት በሕግ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ 14 ዶላር ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም፤ ስምምነቱ ግን በመደቡ ላሉት ሁሉ፣ አባል ላልሆኑትም ጭምር ይሠራል። በእኔ አመለካከት ከጥቅማጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ የተጻፈ ስምምነት ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ጥቅሞች እንዳይነሱ የሚጠብቃቸው እርሱ ነው።

ለስሌት እንዲያመች የሰዓት ክፍያውን 20 ዶላር እናድርገው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሹፌር 800 ዶላር ያልተጣራ ደመወዝ ያገኛል፤ በዓመት 41,600 ዶላር መሆኑ ነው። አንድ ሳምንት 45 ሰዓት ቢሠራና የትርፍ ሰዓቱ በአንድ ተኩል ቢታሰብለት፣ አምስቱ ሰዓታት 150 ዶላር ጨምረው 950 ያደርሱለታል። በሳምንት 30 ሰዓት ብቻ የሚመደብለት ባልደረባው ግን በዚያው የሰዓት ክፍያ በዓመት የሚያገኘው 31,200 ዶላር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ10,400 ዶላር ልዩነት የመጣው ከተመደበላቸው ሰዓት እንጂ ከክፍያው መጠን አይደለም። ከ800 ዶላሩ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የጡረታ ዋስትና) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) 1.45 በመቶ፣ በድምሩ 61 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቆረጣል፤ ከዚያ የፌደራል የገቢ ግብርና የመድን አረቦን ይከተላሉ። ፍሎሪዳ የግለሰብ የገቢ ግብር ስለሌላት በግዛት ደረጃ የሚቆረጥ ነገር የለም።

የሥራ ሰዓት የሚባለው ምን እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ሹፌሩ ገና በጨለማ ወደ ማቆሚያው ይደርሳል፤ የእጅ ባትሪ ይዞ አውቶቡሱን እየዞረ ጎማዎቹን፣ መብራቶቹን፣ መስተዋቶቹንና የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹን ይመለከታል፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአየር ፍሬኑን እየረገጠ ግፊቱ ሲቀንስ ማስጠንቀቂያው መጮሁን ያረጋግጣል። እስካሁን አንድም እንግዳ አልተሳፈረም፤ ነገር ግን ይህ ምርመራ በሕግ የሚጠየቅ የሥራው አካል በመሆኑ ሰዓቱ መቆጠር ያለበት ከዚያ ጀምሮ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ እንግዳ ሲኖርም ሹፌሩ መወጣጫውን ዘርግቶ፣ ወንበሩን በአራት ማዕዘን በማሰሪያ ከወለሉ ጋር አጥብቆ፣ የደኅንነት ቀበቶውን አስተካክሎ ነው ወደ መሪው የሚመለሰው። ሥራው መንዳት ብቻ መስሎት የሚያመለክት ሰው ይህን ድካም በደመወዙ ውስጥ አስገብቶ አይመዝነውም።

የሰዓቱን ነገር ደግሜ የማነሳው ብዙ አዲስ ተቀጣሪዎች የሚደናገሩበት ስለሆነ ነው። የኅብረት ስምምነት ባለባቸው የትራንስፖርት ሥራዎች ፈረቃ በአብዛኛው የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል። የመዝናኛ ፓርክ ደግሞ ሕዝብ ባረፈበት ቀን ይበልጥ የሚሠራ ቦታ በመሆኑ፣ አዲሱ ሹፌር የሌሊቱን፣ የቅዳሜና እሑዱን፣ የበዓሉን ፈረቃ ሊረከብ ይችላል። ልጆች ላሉት ሰው ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፤ በሌሊት ልጅ የሚጠብቅ ሰው መክፈል ካለበት ከሰዓት ክፍያው ላይ ሊቀንሰው ይገባል።

የጤና መድን በአሜሪካ ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ጥቅም ነው። የፌደራሉ ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ፣ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠሩት መድን እንዲያቀርብ ወይም መቀጫ እንዲከፍል ያዛል፤ ስለዚህ 28 ሰዓትና 31 ሰዓት በደመወዝ ሲታዩ ጥቂት ቢለያዩም በመድን ግን ሰፊ ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ። መድኑ ሲቀርብም ከደመወዝ የሚቆረጠውን አረቦን ብቻ ሳይሆን፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣውን ገንዘብ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዚህን ጥቅም ዋጋ እ.ኤ.አ. 2020 አሳይቷል። ፓርኮቹ በወረርሽኙ ምክንያት በማርች ወር ከተዘጉ በኋላ ወደ 43,000 የሚጠጉ የማኅበራቱ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ከሥራ ሲታገዱ፣ በማኅበራቱና በድርጅቱ ስምምነት የጤና መድናቸው እስከ 12 ወር ድረስ እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ደመወዙ ሲቆም ጥቅማጥቅሙ ግን ሳይቋረጥ ጠብቋቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምመዝነው ትምህርትን ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው «አስፓየር» የተባለ መርሐ ግብር የሰዓት ተከፋይ ሠራተኞችን የትምህርት ክፍያ፣ ሠራተኛው ከኪሱ እስኪያወጣ ሳይጠብቅ፣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ ይከፍላል። በፌደራል የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛ ትምህርት ከሚከፍለው ውስጥ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ያለው ግብር አይጣልበትም፤ ያንኑ ገንዘብ በደመወዝ ቢያገኘው ግን ግብር ይከፍልበት ነበር። ስለ ነጻ መግቢያና ስለ ቅናሽ ብዙ ስለሚወራ እኔ አላበዛውም፦ ቤተሰቡን ይዞ ለሚገባ ሹፌር ዋጋ አለው፣ ነገር ግን እጅግ በሚበዛባቸው ቀናት መግቢያው ሊከለከል ይችላል፤ የቤት ኪራይም አይከፈልበትም።

የቀረው ፈቃድ ነው። የ2023ቱ ስምምነት ልጅ ለወለዱ ወይም በጉዲፈቻ ለተቀበሉ ሠራተኞች 8 ሳምንት ክፍያ ያለው ፈቃድ ጨምሯል። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ በሌላ መንገድ ይታያል፤ የእንግዳ ተሽከርካሪ ወንበር ሲያስር ወገቡ የተጎዳ ሹፌር በፍሎሪዳ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ሕግ መሠረት፣ ለጊዜው መሥራት ባልቻለበት ወቅት ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሕጉ እስከወሰነው ጣሪያ ድረስ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ግን ጉዳቱ ከ21 ቀን በላይ ካልቆየ አይከፈሉም፤ እነዚያን ቀናት የሚሸፍንለት ያጠራቀመው የሕመም ፈቃድ ካለው እርሱ ነው።